የተገለበጠ ሞርሳ

በወሎ አንድ ከተማ ሆስፒታል፣ የወንዶች ተኝቶ መታከሚያ ክፍል፣ ረፋድ ላይ፤ የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ዶክተር ትርንጎ የመውጫ ወረቀት ይዛ ከአልጋው አጠገብ ቆማለች፤ ደረታቸውን ከፍታ ያዳነቻቸው የቶርኖ ባለሙያ ጋሽ ይመር ደግሞ ጋደም እንዳሉ አልፈርምም ብለዋል።

ይመር፦ አልወጣም አልኩሽ እኮ፣ ዶክተር።

ትርንጎ፦ ጋሽ ይመር፣ እኔን ሰው "አስወጪኝ" ብሎ ነው የሚለምነኝ። "አልወጣም" ያለኝ በሽተኛ በስድስት ዓመት ውስጥ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

ይመር፦ ቤቴን ጠልቼ መሰለሽ? የጠየቅሁሽን አሳዪኝ፣ አሁኑኑ ጫማዬን አጥልቄ እወጣለሁ።

ትርንጎ፦ አይሆንም ብዬዎታለሁ። የኦፕራሲዮን ዕቃ ከኦፕራሲዮን ክፍል አይወጣም።

ይመር፦ እሱ ካልወጣ እኔ ልግባ።

ትርንጎ፦ አንዴ ገብተዋል፤ ይበቃዎታል።

ይመር፦ ተኝቼ ነዋ። ተኝቶ የገባ ሰው ምን ያያል?

ትርንጎ፦ ባያይ ይሻለዋል።

ይመር፦ እስቲ አንቺው ፍረጂ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ብረት ቆርጬ የበላሁ ሰው ነኝ። የወፍጮ ዘንግ፣ የመኪና ቡሎን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ምላስ፣ የመስጊድ በር ማጠፊያ፣ ያልነካሁት የለም። አንድ ቀን የግራይንደር ዲስክ ፈነዳና ስባሪው ደረቴ ውስጥ ገባ። ስነቃ በብረት ተከፍቼ በክር ተሰፍቻለሁ። የሰው ቤት ከፍቶ ገብቶ የወጣ ሰው ካለ፣ ባለቤቱ "በምን ከፈታችሁት?" ብሎ ቢጠይቅ ነውር ነው?

ትርንጎ፦ ልንሰርቅ አልገባንም እኮ።

ይመር፦ አንድ ስባሪ ወስዳችኋል።

ትርንጎ፦ እሷንም በብልቃጥ አድርጌ ለሚስትዎ ሰጥቻለሁ።

ይመር፦ አይቻታለሁ፤ የአውራ ጣት ጥፍር አታክልም። እሷን ለማውጣት ከጡቴ ሥር እስከ ብብቴ ተተረተርኩ። ይሁን፤ ልብ ድረስ የገባ ነገር በጓሮ በር አይወጣም። እኔ ግን የምለው...

ትርንጎ፦ የሚሉትን አውቃለሁ፤ አራት ቀን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። "ታሞ የተነሳ ፈጣሪውን ረሳ" ይባላል፤ እርስዎ ታመው ቢነሱ ጭራሽ ብረት አስታወሱ። ይፈርሙልኝ፤ አልጋው ይፈለጋል።

ይመር፦ ወረቀቱን አስቀምጪው ባክሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ትርንጎ፦ ሞኙ ከሁለታችን የቱ ነው?

ይመር፦ እሱን ወረቀቱ ይወቀው።

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ይሄ ትራስዎ ሥር ያበጠው ምንድን ነው?

ይመር፦ ሳሙና።

ትርንጎ፦ ሦስት ሳሙና?

ይመር፦ አራት ነበር። አንዱ ተሰበረብኝ።

ትርንጎ፦ ለካ ለዚህ ነው። ሚስትዎ ሲስተር መሬማን አቅፈው ሲመርቋት ነበር። "ባሌ ሆስፒታል ገብቶ ጽዱ ሰው ወጣው፤ በየቀኑ ሳሙና አምጪ ይለኛል" አሉ አሉ።

ይመር፦ ትመርቅ፤ ምርቃት ማንን ጎድቶ ያውቃል? የማንኪያ እጀታ በመስኮቱ ሲሚንቶ ሞረድኩና ያን የደረት መክፈቻችሁን ቀረጽኩት። ይሄ አንዱ መንጋጋ፤ ይሄ ሁለተኛው፤ ይሄ ደግሞ ሁለቱን የሚያያይዘው ባለጥርስ ዘንግ። ሲስተር መሬማን መርፌ ልትወጋኝ በመጣች ቁጥር አንዳንድ ነገር ጠየቅኳት። እሷ በአፏ የሣለችውን እኔ በሳሙና አወጣሁት። ልክ ነው?

ትርንጎ፦ ልክ ነው። ማዞሪያ እጀታው ብቻ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው።

ይመር፦ በየት በኩል?

ትርንጎ፦ በዚህ... ጋሽ ይመር፣ አወጣጡኝ እኮ።

ይመር፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እንግዲህ ይሄ ሞርሳ ነው፣ ዶክተር። የኔ ሞርሳ ብረት ጨብጦ ይይዛል፣ ያንቺ ጎድን ፈልቅቆ ይይዛል። የተገለበጠ ሞርሳ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ታዲያ የኔው በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ሳይከዳኝ፣ ያንቺው ለምን ከዳሽ?

ትርንጎ፦ ከዳኝ ማን አለዎት?

ይመር፦ ጎድኔ ነው የነገረኝ። ራጄን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ዲስኩ የገባው ከታች፣ የተሰበረው ጎድን ከላይ። ዲስኩ አልሰበረውም ማለት ነው።

ትርንጎ፦ ደረት ሲከፈት ጎድን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የታወቀ ነው።

ይመር፦ ቀስ ብለው የገፉት ይለመጣል እንጂ ቀጭ አይልም። ቀጭ የሚለው ድንገት ሲመታ ነው። ያ ብረት ጥርሱ ተበልቷል፤ ተበልቶም አንድ ጥርስ ዘሏል። እኔ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም።

ትርንጎ፦ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው። ከሰዓት እንነጋገራለን።

ይመር፦ ጣትሽስ?

ትርንጎ፦ የቱ ጣቴ?

ይመር፦ የግራሽ ትንሿ። ጥፍሯ ጠቁሯል። እኔ ጋ ስትመጪ ያን እጅሽን ኪስሽ ትከቺዋለሽ።

ትርንጎ፦ በር ዘግቶብኝ ነው።

ይመር፦ የት ያለ በር?

ትርንጎ፦ እዚሁ።

ይመር፦ መቼ?

ትርንጎ፦ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን።

ይመር፦ እኔ የገባሁ ዕለት።

ትርንጎ፦ አዎ።

ይመር፦ በሩ እኔ ነኝ እንዴ፣ ዶክተር?

ትርንጎ፦ እሺ። ይስሙኝና ከዚያ ይፈርማሉ። ሲያመጡዎት ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። የእጅዎ ምት አይገኝም፤ ደም ልብዎ ዙሪያ ሞልቶ አንቆት ነበር። ሰመመን ሰጪው "አሁን ካልሆነ የለም" አለኝ። ቆዳውን ለመክፈት አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ። መክፈቻውን ስጡኝ ስል መክፈቻው መጣ፣ እጀታው ግን የለም። ሲታጠብ ተፈትቶ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሲስተር መሬማ ከአጥንት ክፍል ሮጣ የሽቦ ፒንሳ አመጣች። የተቀቀለ ነው፣ አይስጉ።

ይመር፦ ፒንሳ።

ትርንጎ፦ ፒንሳ።

ይመር፦ እኔ ይመር በፒንሳ ተከፈትኩ።

ትርንጎ፦ ሊስቁ ነው ሊያዝኑ?

ይመር፦ ብስቅ ስፌቱ ያመኛል። ቀጥዪ።

ትርንጎ፦ እኔ እጄን አስገብቼ ልብዎን ይዣለሁ፤ ሲስተር በፒንሳው ታዞራለች። አንድ ጥርስ ሄደ፣ ሁለት ሄደ፣ ሦስት ሄደ። አራተኛው ላይ ወደ ኋላ ዘለለና ጎድንዎ እጄ ላይ ተዘጋ። ጎድንዎም የተሰበረው፣ ጣቴም የተመታው ያኔ ነው። ሲስተር ፒንሳውን ጥላ በሁለት እጇ ጎድንዎን ፈልቅቃ ያዘች፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። እኔ በአሥራ አንድ ደቂቃ ቀዳዳውን ሰፋሁ። ስንጨርስ እጇን መዘርጋት አቃታት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅንላት። ይኸው ነው። "ቀድሜ ዕቃውን ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም" እያልኩ ይኸው አሥራ ሁለት ቀኔ። እርስዎ ደግሞ በየጠዋቱ "አሳዪኝ" ይሉኛል። ሕጉ አለ፤ ግን ሕጉ ብቻ አይደለም የከለከለኝ። አፍሬ ነው።

ይመር፦ ይቅር በዪኝ።

ትርንጎ፦ እርስዎ? ስለምኑ?

ይመር፦ ጎድኔ ሰው አይነክስም ነበር። ዕድሜ ነው መሰለኝ።

ትርንጎ፦ ይኸው ሳቅኩ፤ ደስ ይበልዎ።

ይመር፦ ደስ ብሎኛል። አሁን ያን እጅሽን ከኪስሽ አውጪና እዚህ ሳሙና ላይ አሳርፊው፤ ልለካው። የጓንትሽ ቁጥር ስንት ነው?

ትርንጎ፦ ስድስት ተኩል።

ይመር፦ የሲስተርስ?

ትርንጎ፦ ስድስት።

ይመር፦ አየሽ? ያንን ዕቃ የሠራው ሰውዬ እጁ አካፋ ያክላል። ለራሱ እጅ ልክ ሠራው፣ ዞሮ ዞሮ ላንቺ ደረሰሽ። በጎረቤት ጫማ ሮጠሽ ብትወድቂ እግርሽን ትገርፊዋለሽ? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ መያዣው ነው ያጠፋው እንጂ ያዢዋ አይደለችም።

ትርንጎ፦ አዲስ ይገዛልን ብለን ከጠየቅን አሥራ አራት ወር ሆነን።

ይመር፦ ላም አለኝ በሰማይ።

ትርንጎ፦ ወተቷንም አላይ። አሁን ከሌላ ሆስፒታል በተዋስነው ነው የምንሠራው። እሱም የዚያኛው ታላቅ ወንድም ነው።

ይመር፦ እንግዲያው ስሚኝ። እጀታ የሚባል ነገር አይኖረውም፤ የሌለ ነገር አይጠፋም። አናጢ ሁለት እንጨት በኮላ ሲያጣብቅ የሚያስርበትን መያዣ አይተሻል? መንጋጋውን በአንድ እጅ ሲገፉት ዘንጉ ላይ ይንሸራተታል፤ ሲጫኑት ደግሞ ዘንበል ይልና ዘንጉን ነክሶ ይቆማል። ጥርስ የለውም፤ ምኑ ይዘላል? እሱን ገልብጬ እሠራልሻለሁ። በአንድ እጅሽ ትገፊያለሽ፣ በሌላው እጅሽ የኔን ልብ... የሰውየውን ልብ ትይዣለሽ።

ትርንጎ፦ በደም ሲርስ አይንሸራተትም?

ይመር፦ የኔው በዘይት ርሶም ይነክሳል።

ትርንጎ፦ መዝጋት ስፈልግስ በምን ይለቅልኛል?

ይመር፦ እዚህ ጋ ስፕሪንግ አለ። በአውራ ጣትሽ ጫን ስታደርጊው ይለቃል።

ትርንጎ፦ የት ጋ?

ይመር፦ ከውስጥ ነው፤ ትንሽ ጉድጓድ አበጅቼለታለሁ።

ትርንጎ፦ ጉድጓዱ ውስጥ ደም ቢገባ በምን ይወጣል?

ይመር፦ በብሩሽ።

ትርንጎ፦ ብሩሽ እዚያ አይደርስም።

ይመር፦ ፈታ አድርገሽ ታጥቢዋለሽ።

ትርንጎ፦ እጀታው የጠፋው ተፈትቶ ሲታጠብ ነው።

ይመር፦ እውነትሽን ነው።

ትርንጎ፦ ደም ደርቆ የቀረበት ብረት ለሚቀጥለው በሽተኛ መርዝ ነው፣ ጋሽ ይመር። እኔ የምፈልገው የተደበቀ ነገር የሌለው፣ የማይፈታ፣ ዝገት የማያውቀው፣ ሺህ ጊዜ ቢቀቀል የማይጣመም ዕቃ ነው።

ይመር፦ ይሄማ ብረት አይደለም፤ ባል ነው የምትፈልጊው።

ትርንጎ፦ ባሉ ይቆየኝ፤ ብረቱ ይቅደም።

ይመር፦ ስፕሪንጉን ከጉድጓድ ማውጣት ነው ያለብኝ። አውጥቼስ የት ላድርገው? አንድ ሳሙና ያስፈልገኛል።

ትርንጎ፦ ሳሙናው ይቅር። እስቲ ይህን ሌላ ወረቀት ይዩልኝ፤ ሥዕል አለበት።

ይመር፦ ምንድን ነው? አሃ። መንጋጋ ነው። ቆይ፣ ቀና አድርጊው። ይሄን የሣለው ሰውዬ ምን አድርጓል መሰለሽ? ስፕሪንግ የሚባል ለብቻው የለውም። ራሱን መንጋጋውን በስሱ ሰንጥቆ፣ መንጋጋው ራሱ እንዲለመጥ አድርጎታል። አንድ ብረት ነው በቃ። የሚፈታ የለው፣ የሚደበቅ የለው። ስንጥቁም ወለል ያለ ነው፤ ውሃ ቢለቁበት ታጥቦ ይወጣል። ዶክተር፣ ይሄ ሰው ሞያ በልቶ ያደገ ነው። የአዲስ አበባ መሐንዲስ ነው?

ትርንጎ፦ የዚሁ ከተማ ሰው ናቸው።

ይመር፦ በዚህ ከተማ እንዲህ የሚያስብ ሰው እያለ እኔ ሳላውቀው... ቆይ፣ ቆይ። ይቺን ሰባት ቁጥር እዪያት። ወገቧን በጭረት ይቆርጣታል። ሰባትን ወገቧን የሚቆርጥ አንድ ሰው ነው የማውቀው።

ትርንጎ፦ ማን?

ይመር፦ እንድሪስ። ከኔ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ቶርኖ ቤት አለው። ከተነጋገርን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። የአንድ ወፍጮ ጥርስ ተሰብሮ እሱ "አበላሽቶ የቆረጠው ይመር ነው" አለ፣ እኔ "እንድሪስ ነው" አልኩ። ባለወፍጮው አዲስ ገዝቶ ተገላገለ፤ እኛ እዚያው ቀረን።

ትርንጎ፦ በእውነት የቆረጠው ማን ነበር?

ይመር፦ ጊዜው ቆይቷል።

ትርንጎ፦ ሥዕሉስ ታዲያ?

ይመር፦ አሁን ሳየው መስመሩ ይንጋደዳል።

ትርንጎ፦ ቅድም ሞያ በልቶ ያደገ ብለዋቸው ነበር።

ይመር፦ ቅድም ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም። እንዴትስ ሆኖ እጅሽ ገባ?

ትርንጎ፦ ያን ቀን ማን እንዳመጣዎት ያውቃሉ?

ይመር፦ አንድ መንገደኛ ነው አለችኝ ሚስቴ፤ ባጃጅ አስቁሞ።

ትርንጎ፦ መንገደኛው ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

ይመር፦ ማን አለሽ?

ትርንጎ፦ እኔ ራሴ ከእርስዎ ላይ አላቅቄያቸዋለሁ። የዲስኩን ፍንዳታ ሲሰሙ አስፋልቱን በሩጫ ተሻግረው አውራ ጣታቸውን ቁስሉ ላይ ደፈኑት። ባጃጅ ላይም ደፍነውት፣ በር ላይም ደፍነውት መጡ። የድንገተኛ ክፍል ሰዎች "ይልቀቁ" ቢሏቸው "ብለቀው ይፈሳል" ብለው እንቢ አሉ። ከአልጋው ጋር እየሮጡ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ድረስ ደረሱ። "አባቴ፣ ከዚህ ወዲያ እኔ እይዘዋለሁ" ስላቸው ነው ጣታቸውን ያነሱት። ሸሚዛቸው የእርስዎን ደም ጠጥቶ ነበር።

ይመር፦ አውራ ጣቱን።

ትርንጎ፦ አውራ ጣታቸውን። ባይደፍኑት ኖሮ እኔ የምከፍተው ሰው አላገኝም ነበር። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲስተር ፒንሳ ፍለጋ ስትሮጥ አዩ። ማታውኑ "ምንድን ነው የተሰበረባችሁ?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይመጡ የቀሩበት ቀን የለም። ይግቡና ይዩአቸው ስላቸው "ካየኝ ይናደዳል፣ ከተናደደ ስፌቱ ይፈታል" ይሉኛል። ትናንት ይህን ወረቀት ሰጡኝና እንደ እርስዎው "ዕቃውን አሳዪኝ" አሉ። ለእሳቸውም አይሆንም አልኳቸው።

ይመር፦ ጣቱ ድሮም ወፍራም ነው።

ትርንጎ፦ ይኸው ነው የሚሉት?

ይመር፦ ሌላ ምን ልበል? ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለ አፍ በአንዴ አይፈታም።

ትርንጎ፦ እንግዲያው እኔ ልናገር። ያ ጥርሱ የተበላ መክፈቻ ከአገልግሎት ይውጣ ብዬ ጽፌ፣ ትናንት ተፈርሞልኛል። ዛሬ ዕቃ አይደለም፣ ቁርጥራጭ ነው። እዚህ ከረጢት ውስጥ አለ።

ይመር፦ ከጠዋት ጀምሮ ይዘሽው ነው እንዲህ የምታለፊኝ?

ትርንጎ፦ ይዤው ነው። ልስጥዎት አልስጥዎት እያልኩ ነበር። አሁንም በሁለት ነገር ነው የምሰጠው። አንደኛ፣ የምትሠሩትን የሆስፒታሉ ኮሚቴ ሳያየው፣ ከሉካንዳ ባመጣነው የበግ ጎድን ደጋግመን ሳንፈትነው፣ ሰው አጠገብ አይደርስም። ቢሳነን እንተወዋለን፣ አንጣደፍም።

ይመር፦ ይሄ የባለሙያ ነገር ነው። ተስማማሁ። ነገ እጀምራለሁ።

ትርንጎ፦ ነገ? ግራ እጅዎን እስቲ ከትከሻዎ በላይ ያንሱ።

ይመር፦ ቀኙ ደህና ነው።

ትርንጎ፦ ቶርኖ በአንድ እጅ ይሠራል?

ይመር፦ አይሠራም።

ትርንጎ፦ ሦስት ወር ከባድ ነገር አያነሱም፣ አይገፉም፣ አይጎትቱም። ሁለተኛው ይኸው ነው። የሚንሸራተተው ዘንግ የእርስዎ ሐሳብ ነው፤ የተሰነጠቀው መንጋጋ የእሳቸው ነው። አንዱን ያለ አንዱ አልቀበልም። ይሄን ከረጢት ለሁለት ሰው ነው የምሰጠው።

ይመር፦ እንድሪስ ሲቆርጥ አንድ ፀጉር ያህል ያሰፋል፤ አታውቂውም አንቺ።

ትርንጎ፦ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው ይለኩላቸዋ።

ይመር፦ አይሰማኝም።

ትርንጎ፦ እኔንም ማን ሰማኝ? ጋሽ ይመር፣ ነገ ደግሞ አንዱ ደረቱን ተወግቶ ይመጣል። የተዋስነው እንደዚያኛው ቢዘል፣ ሲስተር መሬማ እንደገና በእጇ ትያዝ?

ይመር፦ የት ነው ያለው?

ትርንጎ፦ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ላስገባቸው?

ይመር፦ አስገቢው። መጀመሪያ ግን ትራሱን ደግፈሽ ቀና አድርጊኝ፤ ተኝቼ አያግኘኝ።